«ውርደት ጀግና ይሠራል»? የበርንቡርግ ሬጅመንት ጉዳይ

ኤልባማዶ፦ አንድ የአመራር አሠልጣኝ ሰሞኑን በቪዲዮ ወጥቶ «ውርደት ጀግና ይሠራል» አለና ማስረጃው የአንሃልት-በርንቡርግ ሬጅመንት ሆነ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1760 ፕሩሲያ ኦስትሪያኖች የያዙዋትን ድሬስደንን ስትከብ አፈገፈጉ፣ የራሳቸው የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ጎራዴያቸውን ቀማ፣ የባርኔጣ ጥለት አስፈታ፣ ኦገስት 15 በሊግኒትዝ ውጊያ ላይ አንበሳ ሆኑ። ስለዚህ ሠራተኞቻችሁን በሰው ፊት ገሥጹ! የሰባት ዓመቱን ጦርነት እንዲህ ቆርጦ ለቢሮ ስብሰባ የሚያቀርብ ሰው ሲጨበጨብለት ያናድዳል።

ሳንጃሰካ፦ ምኑ ነው ያናደደህ? ቀኑን አልሳተ፣ ቦታውን አልሳተ። እግረኛ ፈረሰኛን ሰልፉን ዘግቶ ይጠብቃል እንጂ ሄዶ አይገጥምም። እነዚህ ግን የኦስትሪያውን ጄኔራል የላውዶንን ፈረሰኞች በሳንጃ ገፍተው ሄዱባቸው። በ24 ቀን ውስጥ ሌላ ምን ተለወጠ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለው ነዋ!

ጥለትፈቺ፦ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚባለው እኮ ዓይኑን በጨው አጥቦ ያንኑ ጥፋት ለሚደግም ሰው ነው። በተረትህ ከሄድን ሊግኒትዝም ላይ መሸሽ ነበረባቸው።

ሳንጃሰካ፦ ተረት ማረም ጀመርን እንግዲህ። ታሪኩን መልስ።

ባለከበሮ፦ ታሪኩ ይኸው። ድሬስደን ሙሉ በሙሉ አልተከበበችም። የኦስትሪያው አዛዥ ዳውን ሠራዊቱን ይዞ በኤልባ ወንዝ ቀኝ ዳር ደረሰ፣ በዚያ በኩል መንገዱ ተከፈተ፣ ከተማዋ እንደ ልብ አዲስ ጦር ትቀበል ጀመር። አንድ በሩ ክፍት የሆነ ከበባ፣ ከበባ አይባልም። ጁላይ 21 ለ22 ሌሊት ኦስትሪያኖቹ ከከተማዋ ወጥተው ከባቢዎቹ የቆፈሩትን ጉድጓድ መቱ። የከበባ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሻለቃ ጦር ደግሞ እንደ ሜዳው አይሰለፍም። ከፊሉ አካፋ ይዟል፣ ጠመንጃው ወደ ጎን ተደግፏል፣ በጨለማ የመኮንኑን ድምፅ እንጂ ምልክቱን አያይም። ሦስት ረድፍ ሠርቶ በየተራ መተኮስ የማይታሰብ ነው። በብዙ ኃይል ሲመጡበት ወደ ኋላ አለ። ንጉሡ የተናደደው ከበባው ስለከሸፈበት ነው፤ በወሩ መጨረሻ ራሱም ጥሎ ሄደ። ታዲያ የንጉሡን ጥለት ማን ፈታ?

ወይዘሪት ካንቶን፦ 😂 የመጨረሻዋን ወደድኳት። ሳንጃሰካ ግን «በ24 ቀን» የምትለው ነገር ላይ ቆመሃል። ይህ ሬጅመንት በፕሩሲያው የጦር መሪ በሊዮፖልድ ዘ አንሃልት-ደሳው እጅ ከ1693 እስከ 1747 ለ54 ዓመት ቆየ። በእርምጃ ልክ መሄድ፣ ጥይቱን ወደ አፈሙዝ የሚገፉበት የብረት ማጎረሻ ዘንግ፣ በፕሩሲያ ጦር ሁሉም መጀመሪያ እዚህ ነው የተሞከረው። ሌላው ሬጅመንት በሁለት ሻለቃ ሲሄድ ይህ ሦስት ነበረው። ሰፈሩ ሃለ ከተማ፣ ከ1733 በኋላ ምልምሉ ከዚያው አካባቢ የሚመጣ ጎረቤትና ዘመዳ ዘመድ። ሰልፉ ውስጥ ጎንህ ያለው ሰው የአክስትህ ልጅ ከሆነ የንጉሥ ግሣፄ ምን ያደርግልሃል?

ሳንጃሰካ፦ ደህና፣ ካንቶን። ግን 1760 ላይ ሊዮፖልድ ያሠለጠናቸው ስንቶቹ በሕይወት አሉ? ጦርነቱ አራት ዓመት አልፎታል፣ የፕሩሲያ እግረኛ አልቆ ተሞልቶ፣ ተሞልቶ አልቋል። ስለ ብረት ዘንጉም ተዪኝ። በእንጨት ዘመን ይሰበር ስለነበር ብረቱ ትልቅ ነገር ነበር። ኦስትሪያኖቹም ግን ከ1740ዎቹ ጀምረው ብረት ይዘዋል። ሊግኒትዝ ላይ ብልጫ አልሰጠም።

ባለከበሮ፦ እዚህ ላይ ትክክል ነህ። እንዲያውም በደቂቃ አምስት ጥይት የሚሉት የልምምድ ሜዳ ወሬ ነው፣ ያለ እርሳስ አረር፣ በባሩድ ብቻ። በውጊያ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። ዘንጉ አንድ ጫፉ ወፍራም ስለነበር ወታደሩ ከማጎረሱ በፊት አንዴ፣ ሲመልሰው አንዴ ይገለብጠዋል። ትከሻ ለትከሻ በተጠጋ ሰልፍ ውስጥ ያ መገልበጥ የጎረቤትህን ክርን መምታት ነው፤ አንዱ ሲዘገይ ተራው ይዛባል። ሁለቱም ጫፍ እኩል የሆነው በ1773 ነው የመጣው።

ጥለትፈቺ፦ ፕሩሲያ ሳክሶኖችን ወደገጠመችበት ወደ ኬሰልስዶርፍ ውጊያም ውሰዱት። ዲሴምበር 15 ቀን 1745 ይኸው ሬጅመንት ከግሬናዴሮቹ (ከምርጥ እግረኞቹ) ጋር በበረዶ ዳገት ወጥቶ በሳክሶን መድፍ ተመታና ወደ ኋላ ተመለሰ። ማን ጎራዴ ቀማው? ማንም! ሳክሶኖቹ አሳድደው ከምሽጋቸው ስለወጡ ድራጎን የሚባሉት የፕሩሲያ ፈረሰኞች ገቡባቸው፣ ውጊያው በድል አለቀ። ማፈግፈጉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንዱ በድል፣ አንዱ በኪሳራ መዘጋቱ ብቻ።

ሳንጃሰካ፦ ንጽጽሩ አይሠራም። ያ በቀን፣ መድፍ ፊት ለፊት ነው፤ ይህ ጉድጓድ ትቶ መሄድ ነው። ለመሆኑ ሊግኒትዝ ላይ ያን ሁሉ እልህ ከየት አመጡት?

ኤልባማዶ፦ እልህ የለም ያለ ሰው የለም። የምቃወመው «ይሠራል» የሚለውን ቃል ነው። የሊግኒትዝ ድል የተሠራው ሌሊቱን ነው። ፍሬድሪክ ወደ 30,000 ሰው ይዞ ሰፈሩን ለቀቀ፣ እሳቱ እንደነደደ ተተወ። ላውዶን የዕቃ ጭነት አገኛለሁ ብሎ በካትስባህ ወንዝ በኩል ሲመጣ፣ ከንጋት በፊት የተሰለፈ ሠራዊት ላይ ወደቀ። ዳውን ሳይደርስለት ቀረ። ፈረስ የተዘጋ የሳንጃ አጥር ላይ አይገባም፤ ፍጥነቱ ከተሰበረ ደግሞ ቆሞ የሚወጋ ነው። የሬጅመንቱ ጀግንነት ያንን አፍታ ማየቱ ላይ ነው። አደጋውም እዚያው ነው፤ ሮጠው ቢሄዱ ረድፉ ይሳሳል፣ በአንድ ክፍተት አሥር ፈረስ ይገባል። መስመር ሳይሰበር መራመድ ቁጣ አይደለም፣ ልምምድ ነው።

ወይዘሪት ካንቶን፦ አሠልጣኙ የዘለላትን ደግሞ እኔ ልጨምር። ከድሉ በኋላ ንጉሡ ሁሉንም መለሰላቸው፣ የጥለቱንም ዋጋ ከራሱ ኪስ ቻለ። ይህን ለአለቆች ቢነግርልን!

ሳንጃሰካ፦ አየሽ? ቀጣ፣ ከዚያ ካሠ። ራስሽ ለአሠልጣኙ መሰከርሽለት።

ወይዘሪት ካንቶን፦ ካሣ የሚከፍለው የበደለ ነው፣ ወንድሜ።

ሳንጃሰካ፦ ሽልማት ነው እንጂ ካሣ ማን አለ?

ጥለትፈቺ፦ አሁን ራስህ «ካሠ» አልክ! ወደ ላይ ሂድና አንብብ።

ዘመነ መሳፍንት፦ ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ሁላችሁም ጎራዴ ጎራዴ ትላላችሁ፣ ሻምላ አይደለም እንዴ?

ባለከበሮ፦ አይደለም። ሻምላ ቀጥ ያለና ረጅም ነው። የፕሩሲያ እግረኛ የሚይዘው አጭር፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ እጀታው ናስ። ሰፈር ሲያድሩ ማገዶ ይቆርጡበታል። ዋናው መሣሪያ ጠመንጃና ሳንጃው እጃቸው ላይ ነው የቀረው። ስለዚህ ትጥቅ አልፈቱም፤ የተነጠቁት ሰው የሚያየውን ነው።

ሳንጃሰካ፦ እኔም የምለው እሱን ነው! ሰው የሚያየውን ስለነጠቃቸው ነው የሠራው።

ኤልባማዶ፦ «ሠራ» አልክ ደግሞ።