ስለ ገላ መታጠብ የጻፍኩት ግጥም «ች» ላይ ተቸነከረብኝ

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ8 ወር ልጄን ገላዋን የማጥባት እኔ ነኝ። ሳጥባት የምላትን እየሰበሰብኩ ባለ 10 ገጽ የሥዕል መጽሐፍ ልሠራላት ጀምሬያለሁ፤ ሥዕሉንም ራሴው ነኝ የምሞነጫጭረው። አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦

ሆዷ ላይ አረፋ፣ ክንዷ ላይ አረፋ፤
ጣቶቿ ተገኙ፣ አረፋው ሲጠፋ።

ይቺን እወዳታለሁ። የቀረው ግን ገባች፣ ተንቦጫረቀች፣ ሳቀች፣ ወጣች... ቤት ይመታል፣ አዎ፤ ሲነበብ ግን ሚስማር እንደመምታት ነው። ሌላው ጣጣ ፀጉሯ የሚታጠብበት ገጽ ነው። ውሃው ግንባሯን ሲነካት እሪ ነው የምትለው። እየሳቀች ብሥላት ዋሸሁ፤ እያለቀሰች ብሥላት ደግሞ ገና መጽሐፉን ስታየው ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። ምን ትላላችሁ?

የሦስት ልጆች እናት፦
እያለቀሰች ሣላት፣ ምን ችግር አለው? በዚህ ዕድሜ ከሳሙናውም ከዳክዬውም ይልቅ ፊት ነው የሚያዩት። የእኔ ትንሹ የሚያለቅሰውን ሕፃን በጣቱ እየነካካ «እእ» ይል ነበር። ብቻ ገጹን ስትገልጥ ወዲያው ፎጣው ይምጣላት።

ግጥም ወዳድ፦
«ች» የበዛብህ ግሡን ሁሌ መጨረሻ ላይ ስለምታስቀምጠው ነው፤ አማርኛ ወደዚያ ይጎትታል። የምትወዳት ስንኝ ለምን እንዳማረች እያት፦ «አረፋ» ስም ነው፣ «ሲጠፋ» ግሥ። የማይመሳሰሉ ቃላት ሲገጥሙ ጆሮ ይነቃል። ስንኙን ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) አድርገህ መክፈልህንም አትልቀቅ። ለፎጣው ይቺን ሞክር፦

ማን ተደብቆ ነው፣ በዚያ ነጭ ፎጣ?
አፍንጫዋ ቀድሞ፣ ብቅ ብሎ መጣ።

አያት ነኝ፦
ልጄ፣ ግጥሙን ለእነሱ ትቼ ስለ ሥዕሉ ልናገር። በየገጹ የትልቅ ሰው እጅ ይታይ። ሕፃን ብቻውን ውሃ ውስጥ ተቀምጦ አይሣልም፤ ለመስጠም ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ይበቃዋል። መጀመሪያ ገጽ ላይ ክርንህን ውሃው ውስጥ ነክረህ ሣል። ለብ ያለ፣ 37 ዲግሪ ገደማ ነው ጥሩው። ደግሞ ወፍራም ካርቶን ላይ ለጥፈህ ጠርዙን አድቦልቡለው፤ መጀመሪያ የምታደርገው አፏ ውስጥ መክተት ነው።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። እጄን በየገጹ ጨመርኩ፤ አንዱ ላይ ስድስት ጣት ሆኗል፣ ግድ የላትም። ትናንት የፎጣዋን ስንኝ ሳነብላት «መጣ» ስል ፎጣውን ራሷ ሳበችው። ፀጉሯ ላይ አሁንም እሪ ነው።