ለሴቶች የጦርነት ጊዜ አገልግሎት የሚቆመው መታሰቢያ፦ ቦታው ለምን ሌላ ሕግ አስፈለገው?

ናርዶስ (ጥያቄ)፦
በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች፣ በመርከብ ግንባታና የጠላትን ምስጢራዊ መልእክት በመፍታት ላገለገሉ ሴቶች በዋሽንግተን ከተማ መታሰቢያ እንዲቆም የሚፈቅደው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2022 ጸድቋል። ታዲያ ደጋፊዎቹ መታሰቢያው በናሽናል ሞል፣ ማለትም ታላላቆቹ መታሰቢያዎች በሚገኙበት በከተማዋ መሃል ባለው ሰፊ መናፈሻ እምብርት እንዲሠራ ሌላ ሕግ እንዲወጣ የሚጠይቁት ስለምንድን ነው? ቦታውስ ይህን ያህል ሊያከራክር ይገባዋልን?

ዳዊት፦
የመጀመሪያው ሕግ ፈቃድ ሰጠ እንጂ ቦታ አልሰጠም። በዋና ከተማዋ በፌዴራል መሬት ላይ የሚቆሙ መታሰቢያዎች የሚተዳደሩት በ1986ቱ ሕግ ሲሆን፣ በ2003 በተደረገለት ማሻሻያ መሠረት ከኮንግረሱ ሕንፃ እስከ ሊንከን መታሰቢያ፣ ከዋይት ሐውስ እስከ ጄፈርሰን መታሰቢያ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋው ክልል፣ ማለትም የናሽናል ሞል እምብርት፣ በአመዛኙ የተጠናቀቀ የኪነ ጥበብ ሥራ ነው ተብሎ ለአዳዲስ መታሰቢያዎች ተዘግቷል። ወደዚያ መግባት የሚፈልግ ሁሉ ኮንግረሱ ክልከላውን በስም ለይቶ እንዲያነሣለት ግድ ነው። በሽብርተኝነት ላይ ለተካሄደው ዓለም አቀፍ ጦርነት የታሰበው መታሰቢያ በ2017 ከተፈቀደ በኋላ፣ በዚያው ክልል እንዲቆም የሚያስችለውን ሕግ ያገኘው በ2021 ነው። በዚያ ላይ ፈቃዱ ራሱ በሰባት ዓመት ውስጥ ካልተሠራበትና ካልተራዘመ ይከስማል፤ ወጪውም ከመንግሥት ካዝና ሳይሆን ከለጋሾች የሚሰበሰብ በመሆኑ፣ የሚቆምበት ሥፍራ ላልታወቀ መታሰቢያ ገንዘብ መለመን ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ሒሩት፦
ክልሉ የተዘጋበት ምክንያት ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይመስለኝም። ክብር ለሚገባው ጉዳይ ሁሉ የተለየ ሕግ ከወጣ ክልከላው ለስም ብቻ ይቀራል። በ2004 የተመረቀው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ በ24ቱ የነሐስ ቅርጾቹ ውስጥ በአውሮፕላን ሥራ ላይ የተሰማሩ ሴቶችንም ያሳያል። በ1997 የተመረቀው የሴት ወታደሮች መታሰቢያም ከናሽናል ሞል ውጭ፣ በአርሊንግተን መካነ መቃብር መግቢያ ላይ ቢቆም ክብሩ አልጎደለም።

ተስፋዬ፦
ወይዘሮ ሒሩት፣ ስለ መጨናነቁ የሚሉት እውነት አለው። ነገር ግን የአርሊንግተኑ መታሰቢያም ሆነ በ1993 በቬትናም ዘማቾች ግንብ አጠገብ የተመረቀው የሴቶች ሐውልት በዋናነት የሚዘክሩት የጦር ልብስ ለብሰው ያገለገሉትን ነው፤ ሲቪል ሆነው የሠሩት ሴቶች ሁልጊዜ ከመዝገቡ ሲወድቁ ኖረዋል። የጦር አውሮፕላን ያበረሩትን 1,100 ያህል ሴቶች እንኳ ብናይ፣ 38ቱ በአገልግሎት ላይ ሕይወታቸው ቢያልፍም በሲቪልነት ተቆጥረው፣ የአርበኝነት መብት በሕግ የተሰጣቸው በ1977 ነው። ምስጢራዊ መልእክት በመፍታት ሥራ የተሰማሩት ከ10 ሺህ በላይ ሴቶችም አፋቸውን እንዲይዙ ምለው የገቡ በመሆናቸው ለቤተሰቦቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ቆይተዋል። የእነዚህ ሴቶች ሥራ በብዛት የተከናወነው እዚያው ዋሽንግተን ውስጥና ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በአርሊንግተን ነበር፤ በእኔ ግምት ለቦታው ጥያቄ ከቀረቡት መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራው ይኸው ነው፤ ደጋፊዎቹ አጉልተው አለማቅረባቸው ይገርመኛል።

ዳዊት፦
አንድ ነገር ልጨምር። የቦታው ሕግ ቢጸድቅም ትክክለኛውን ሥፍራና ንድፉን የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት፣ የሥነ ጥበብ ኮሚሽኑና የዋና ከተማዋ የፕላን ኮሚሽን በየተራ ይመረምሩታል። ስለሆነም ወይዘሮ ሒሩት የሚሰጉበት የመጨናነቅ ጉዳይ በኮንግረሱ ድምፅ አይዘጋም፤ በእነዚሁ መሥሪያ ቤቶች ፊት እንደገና ይነሣል።