ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ብልህ ነው ወይስ ተበልቷል?

የጎላ ልጅ፦
ትናንት ማታ እናቴና ታላቅ ወንድሜ በዚህ ጉዳይ ተጣልተው እራቱ ሳይበላ አደረ። እናንተም ፍረዱ።

እናቴ ጡረተኛ ናት። የባንክ ደብተሯ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ በአሮጌ መቀነት ታስሮ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ይቀመጣል። ጥቅምት 2010 ላይ 100,000 ብር አስገባች። ከዚያ ወዲህ አልነካችውም። ወንድሜ ደግሞ ብር እጁ ላይ ካደረ እንቅልፍ የለውም። ፌሮ ይገዛል፣ ቆርቆሮ ይገዛል። አንድ ጊዜ ሦስት ፍሪጅ ገዝቶ ሳሎናችንን መጋዘን አድርጎት ነበር። ሰፈሩ እሷን ቆጣቢ፣ እሱን ብኩን ይላል።

እኔ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በዚያው ወር ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ በ15 በመቶ ቀንሶ፣ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። ዶላር 27 ብር ገደማ ስለነበር የእናቴ ብር 3,700 ዶላር ያህል ነው። በ7 በመቶ ሰባት ዓመት ሲወልድ 160,000 ብር ሆነ። በመሃል ግን 2014 ላይ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀና ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። በ2017 ምንዛሬ ያ ሁሉ ብር 1,500 ዶላር እንኳ አይሞላም።

አቋሜ ይህ ነው፦ ባንክ አስቀምጦ ዝም ማለት ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ ትልቅ አደጋ ነው። እናቴ ቆጣቢ ስለተባለች ብቻ ብሯ አልተረፈም።

የባንክ ሠራተኛዋ፣ ሰንጋ ተራ፦
ወንድሜ፣ ስሌትህ ልክ ነው፣ ፍርድህ ግን ቸኩሏል። በቅርቡ አንድ ሰው በር ሳይከፈት መጥቶ ቆሞ አገኘሁት። ሚስቱ ምጥ ላይ ናት፣ ሐኪም ቤቱ ማስያዣ ጠይቆታል። ሒሳቡ ውስጥ ግን ምንም የለም። ያለውን ሁሉ ሲሚንቶ ገዝቶበታል። ሲሚንቶ በዚያ ሰዓት ማን ይገዛዋል? ከጎረቤት ለቃቅሞ ከፈለ። የእናትህ ደብተር ለእንደዚያ ያለ ቀን ነው። በዚያ ላይ ባንኩ ቢከስር እንኳ ተቀማጩ እስከ 100,000 ብር የመድን ፈንድ ዋስትና አለው። ዝናብ ላይ ያደረ ፌሮ ቢዝግ ማን ይክስሃል?

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ገንዘብ ከ7 በመቶ የተሻለ ወለድ ያገኛል፣ በወለዱም መደራደር ይቻላል። ባለ ብዙ ብሮቹ ይጠይቁናል። እናቶች አይጠይቁም፣ እኛም አንነግራቸውም።

ደመወዝተኛው፣ አራት ኪሎ፦
የሰው የገንዘብ ጠባይ የሚታየው ብር ሲተርፍ ነው። የእኔ ደመወዝ በ30 ይገባል፣ በ3 ኪራይ ይወስደዋል። ጓደኞቼ «ማኪያቶ ስለምታበዛ ነው» ይሉኛል። ማኪያቶውን ሁሉ ብተወው የሚተርፈኝ የወር ትራንስፖርት ነው። አባካኝ ከመባሌ በፊት ገቢዬን ጠይቁኝ።

የእቁብ ዳኛው፣ ሱማሌ ተራ፦
ልጄ፣ 22 ዓመት እቁብ ዳኝቻለሁ። ሰው ከብር ጋር ያለውን ጠባይ እዚያ ታየዋለህ። አንዱ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ዕጣውን ሽጡልኝ» ብሎ ይለምናል። ቀንሶም ቢሆን ይወስዳል፣ የሚያመጣውን ዕቃ አስቀድሞ ያውቃልና። ወንድምህ የእሱ ዓይነት ነው።

ሌላው ደግሞ የመጨረሻውን ዕጣ ይለምናል። አንድ የታክሲ ሹፌር ነበረን። «ጋሼ፣ ቀድሞ ከደረሰኝ እጠጣዋለሁ» አለኝ በግልጽ። በስሌት ካየኸው ተጎጂ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ለሌላው ያለ ወለድ አበደረ ማለት ነው። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረገና የሚነዳውን ታክሲ ግማሽ ድርሻ ገዛ። እሱን ሞኝ ትለዋለህ? ራሱን የሚያውቅ ሰው ነው።

ይልቅ የወንድምህ ፍሪጆች ምን ሆኑ? አትርፈዋል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ለገሃር፦
በእኛ ቤት ክርክሩ ስለ አክሲዮን ነው። ጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን መሸጥ ሲጀምር ባሌ በቴሌብር ትንሹን መጠን ገዛ፤ 33 አክሲዮን፣ አንዱ 300 ብር፣ በጠቅላላው 9,900 ብር። እኔ ወርቅ ነበር የፈለግሁት። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ባሌ «ሰው ፈሪ ሆኖ ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። ሰው የገዛውን መልሶ የት እንደሚሸጥ ማወቅ ይፈልጋል። አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ራሱ ሥራ የጀመረው ጥር 2017 ነው። የጆሮዬን ወርቅ ግን ዛሬ አውልቄ ዛሬ እሸጠዋለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳልባል ነው የምፈራው።

የጎላ ልጅ፦
ጋሼ፣ በጥያቄዎ መሠረት ወንድሜን ጠየቅሁት። ሁለቱ ፍሪጆች አትርፈዋል። ሦስተኛው በሩ ተጨርምቶ ስምንት ወር ቆየና በኪሳራ ተሸጠ። እስከ ዛሬ አልነገረንም ነበር።

እናቴንም «ለምን ባንክ ብቻ?» አልኳት። ጥቅምት 1969 ደርግ የብር ኖት ሲቀይር አባቷ ገጠር ነበሩ። ብራቸውን እንስራ ውስጥ ቀብረውት ነበር። ወሬው ዘግይቶ ደረሰ። «አባቴ ኖቶቹን ምድጃው አጠገብ ደርድሮ እያየ ሲያለቅስ አይቻለሁ» አለች። መስከረም 2013 ኖት ሲቀየር ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ እሷ ተረጋግታ ቡና ታፈላ ነበር። ለካ ለዚህ ነው። ይህንን ሳላውቅ ነው በዶላር ያሰላሁባት፤ ስሌቱን ባልመልሰውም «ተበልቷል» ማለቴን አንስቻለሁ።

የባንኳ እህቴ፣ ሰኞ እናቴን ይዣት እመጣለሁ፣ ግማሹን በጊዜ ገደብ እናድርገው ብላለች። ጋሼ፣ በሚቀጥለው እቁባችሁ ለእናቴ ግማሽ ዕጣ ይገኛል? የመጨረሻውን ነው የምትፈልገው።

የእቁብ ዳኛው፣ ሱማሌ ተራ፦
ይገኛል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዋስ ይዘህ ና።