ደብሊውኤክስ ዊጄትስ ዊንዶውስ ላይ ሊንክ አልሆን አለኝ

ማራኪ_ኮደር፦
ሰላም ጎበዝ። ፒያሳ ላለ የዘመድ መድኃኒት ቤት የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ እየሠራሁ ነው። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው፣ የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ ኡቡንቱ፣ ስለዚህ ሁለቱም ላይ እንዲሄድልኝ ብዬ ደብሊውኤክስ ዊጄትስን (የፕሮግራም መስኮትና ቁልፍ መሥሪያ ላይብረሪ) መረጥሁ። ኡቡንቱ ላይ ምንም አላስቸገረኝም። ዊንዶውስ ላይ ግን ለቪዥዋል ስቱዲዮ (ለማይክሮሶፍቱ የኮድ መሥሪያ) የተዘጋጀውን ዲኤልኤል (የላይብረሪ ፋይል) አውርጄ በሚንጂደብሊው (ዊንዶውስ ላይ በሚሠራው የጂሲሲ ኮምፓይለር) ኮምፓይል ሳደርግ ኮዱ በሙሉ ያልፍና ሊንክ ላይ (ከላይብረሪው ጋር ሲያያይዘው) ሲደርስ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» (የተጠራው አልተገኘም) የሚል መዓት ይዘረግፍብኛል። የላይብረሪውን ስም ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ትክክል ነው። ቪዥዋል ስቱዲዮን ልጫን እንዳልል ብዙ ጊጋባይት ነው፣ በሞባይል ዳታ አይሞከርም። ምን ይሻላል?

አዘዞ_ሊኑክስ፦
ስሙ ላይ አትድከም፣ ነገሩ ሌላ ነው። የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለሮች የፈንክሽኑን ስም እንዳለ አይጽፉትም፣ ከሚቀበላቸው ዓይነቶች ጋር አዳብለው በየራሳቸው መንገድ ይቀይሩታል። ስለዚህ ቪዥዋል ስቱዲዮ የሰየመውን ጂሲሲ ፈልጎ አያገኘውም። እንደ ኤስዲኤል (የጌም መሥሪያ ላይብረሪ) በሲ የሚጠራ ላይብረሪ ቢሆን ብዙ ጊዜ ያልፍልህ ነበር።

የደብሊውኤክስ ዊጄትስን ሶርስ (ዋናውን ኮድ) አውርድና በራስህ ኮምፓይለር ቢልድ አድርገው። «ቢልድ» ፎልደር ውስጥ «ኤምኤስደብሊው» የሚል አለ፣ የጂሲሲው ሜክፋይል (የቢልዱ መመሪያ) እዚያ ነው። ሪሊዙን (ለተጠቃሚ የሚሰጠውን) ብቻ ሥራ፤ ዲበጉ (ስህተት መፈለጊያው) ዲስክ ይጨርሳል። ራምህ ትንሽ ከሆነ ብዙ ጆብ ባንዴ አታስነሳ። መብራት ከሄደብህ (መሄዱ አይቀርም) ከዜሮ አትጀምር፣ ሜክ (ቢልዱን የሚያካሂደው ፕሮግራም) ያለቀውን ዘሎ ይቀጥላል። ልክ ሲጠፋ ይጻፍ የነበረው ኦብጀክት ፋይል (ኮምፓይል የሆነው ቁራጭ) ግን ተበላሽቶ ሊቀር ስለሚችል የመጨረሻዎቹን ጥቂቶች አጥፋቸው።

ታዛቢ፦
ምን አለፋህ? ኤምኤስዋይኤስ 2ን (ለዊንዶውስ ኮምፓይለርና ላይብረሪ የሚያቀርብ ስብስብ) ጫንና በፓክማን (በማውረጃ ትእዛዙ) የተዘጋጀውን አውርድ። ኮምፓይለሩም ላይብረሪውም ከአንድ ቤት ስለሚመጡ አይጣሉም፣ ዳታውም ከቪዥዋል ስቱዲዮ በጣም ያነሰ ነው።

ማራኪ_ኮደር፦
ተባረኩ። ሶርሱን ይሻላል ብዬ ጀመርሁ፣ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ቢልዱ አልቋል። አሁን ደግሞ «ሴትአፕ ዶት ኤች» (የላይብረሪው ምርጫዎች ያሉበት ሄደር ፋይል) የለም ይለኛል። ኢንክሉድ ፎልደሩን አሳይቼዋለሁ እኮ!

አዘዞ_ሊኑክስ፦
አለ፣ ግን ከሌሎቹ ሄደሮች ጋር አይደለም። ቢልዱ ሲያልቅ ለዚያ አሠራር የሚሆነውን «ሊብ» ሥር ያስቀምጠዋል፣ ስታቲኩም (ላይብረሪው ፕሮግራሙ ውስጥ የሚገባበት) ሼርዱም (በዲኤልኤል ለብቻው የሚቀመጥበት) የየራሳቸው ፎልደር አላቸው። ያንተን ፈልገህ ከኢንክሉዱ ጋር ጨምርለት፣ ሁለቱን ግን እንዳትቀላቅል።

ደግሞ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ፦ ኮድህ ውስጥ በአማርኛ የጻፍኸው ኡቡንቱ ላይ አምሮ ይታይና ዊንዶውስ ላይ ዝብርቅርቁ ይወጣል። ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 (የአማርኛ ፊደልንም በሚይዘው የጽሑፍ ኮድ) ሴቭ አድርግና ጽሑፉን «ፍሮም ዩቲኤፍ 8» በሚለው ፈንክሽን አሳልፈው።

ታዛቢ፦
እንግዲህ ሶርሱን ከመረጥህ ስታቲክ አድርገው፣ የደብሊውኤክስ ዊጄትስ ፈቃድ ይፈቅዳል። አንድ ፋይል በፍላሽ ይዘህ ፒያሳ ትወርዳለህ። የጂሲሲን የራሱን ላይብረሪዎችም ስታቲክ በላቸው፣ አለዚያ መድኃኒት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ዲኤልኤል አምጣ ይልሃል።