አዲስ ይገዛ ወይስ የታደሰ? ስለ አዳራሻችን ግራንድ ፒያኖ የተነሣ ክርክር

የኮሚቴው ጸሐፊ፦

ውድ የማእከላችን ቤተሰቦች፣ ለሦስት ዓመት ያጠራቀምነው የፒያኖ ገንዘብ አንድ ግራንድ ፒያኖ፣ ማለትም ክሮቹ በአግድም የተዘረጉበትን ትልቁን ፒያኖ፣ ለመግዛት በቅቷል። ለኮሚቴው ሁለት አማራጮች ቀርበውለታል። አንደኛው አዲስ ያማሃ ጂቢ1ኬ ነው፤ ርዝመቱ 151 ሴንቲሜትር ሲሆን ዋስትና አለው። ሁለተኛው ጀርመን፣ ላይፕዚግ የሚኖረው ወንድማችን ያገኘው ብሉትነር የተባለ የታደሰ ፒያኖ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1911 የተሠራና 190 ሴንቲሜትር የሚረዝም ነው። የማጓጓዣው ወጪ ሲጨመር ዋጋቸው ይቀራረባል። አዳራሻችን እንደምታውቁት 11 ሜትር በ8 ሜትር ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ከሥሩ ኮርኒስ ያለው ቆርቆሮ ነው፤ በምዕራብ በኩል ሦስት ትልልቅ መስኮቶች አሉት። ድምጽ ከመስጠታችን በፊት ሐሳባችሁን ስጡን።

የሁለት ተማሪዎች አባት፦

አዲሱ ይገዛ። ይህ ገንዘብ እናቶች ከዕቁባቸው ቀንሰው፣ ልጆች በበዓል ከተሰጣቸው ላይ አንስተው ያዋጡት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ ዕቃ ከባሕር ማዶ አምጥተን በስድስት ወሩ ቢሰነጠቅ ለእነዚህ ሰዎች ምን ብለን እንመልሳለን? የግል ቤቴ ቢሆን ኖሮ ልሞክረው እችል ነበር። በአደራ ገንዘብ ግን ዕድል አይሞከርም። አዲሱ ዋስትና አለው፣ መለዋወጫው ይታወቃል፣ ማን እንደሠራውም ይታወቃል።

ከላይፕዚግ፦

ጋሼ፣ ስጋትዎን እረዳለሁ፤ አደራ መሆኑንም አልረሳሁም። ነገር ግን ፒያኖውን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ብሉትነር እዚሁ ላይፕዚግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1853 የተመሠረተ የፒያኖ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 በፓተንት ያስመዘገበው አንድ ነገር አለ፤ በቀጭኑ ድምጽ በኩል ለእያንዳንዱ ኖታ ከሦስቱ ክሮች በተጨማሪ፣ ክር የሚመታው መዶሻ የማይነካው አራተኛ ክር ይወጠራል። ሌሎቹ ሲመቱ እርሱ አብሯቸው ይርገበገባል። ያን ድምጽ ስሰማ ክራር የሚደረድር አጎቴን አስታወሰኝ፤ ጣቱ ያልነካው ክር እንኳ አብሮ ያዜም ነበር። አዳሾቹ ክሮቹንና መዶሻዎቹን በሙሉ ቀይረዋል። የክሮቹን ድምጽ የሚያጎላው የድምጽ ሰሌዳ የመጀመሪያው ነው፤ አልተሰነጠቀም። ልጆቻችን እንዲህ ያለ ድምጽ እየሰሙ እንዲያድጉ እመኛለሁ።

የፒያኖ መምህርት፦

እኔ የምናገረው በየቀኑ ከልጆቹ ጋር ስለምቀመጥ ነው። የፒያኖ ወፍራም ድምጽ የሚወሰነው በክሩ ርዝመት ነው። ክሩ ሲያጥር ፋብሪካው የሚፈለገውን ኖታ ለማግኘት ክሩን ማወፈር ይገደዳል፤ የወፈረና ያጠረ ክር ደግሞ ግትር ይሆናል፣ ድምጹም የደበዘዘ ይሆናል። በ151 ሴንቲሜትር ፒያኖ ላይ ታችኛዎቹን ቁልፎች ስንነካ የትኛው ኖታ እንደሆነ ለመለየት ጆሮ ይቸገራል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከተጫወቱት አንዱን ለመማር የሚመጡ ልጆች አሉኝ። ግራ እጃቸው ሲጫወት ኖታው ጠርቶ ካልተሰማቸው ምን እንደጠፋባቸው ሳያውቁ ተስፋ ይቆርጣሉ። ይህን አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ እኔ ለርዝመት እከራከራለሁ። ርዝመት ግን የግድ ብሉትነር ማለት አይደለም። ከጃፓን የሚመጣ የታደሰ ያማሃ ሲ3 186 ሴንቲሜትር ነው። ለምን በሁለት አማራጭ ብቻ እንታጠራለን?

ፒያኖ ቃኚ፦

እስካሁን አንድ ነገር ሳይነሣ ቀርቷል። ይህ ፒያኖ የሚኖረው ላይፕዚግም ጃፓንም አይደለም፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከተማ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። በበጋ አየሩ ይደርቃል፤ በክረምት ልብስ እንኳ አይደርቅም። የድምጽ ሰሌዳው ስስ የስፕሩስ እንጨት ነው። እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ክሮቹን ወደ ላይ ይገፋል፣ ቅኝቱም ከፍ ይላል። በበጋ ደግሞ ይሰበሰባል፣ ቅኝቱ ይወርዳል፤ በጣም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ክሮቹ በአንድነት ወደ 20 ቶን በሚጠጋ ኃይል ተወጥረዋል። ያን ሁሉ ውጥረት የሚሸከመው የብረት ፍሬሙ ነው፤ ቅኝቱን ይዘው የሚያቆዩት ግን ክሮቹ የሚጠመጠሙባቸው፣ እንጨት ውስጥ የተተከሉ ከ200 በላይ ችንካሮች ናቸው። እንጨቱ ደርቆ ሲሸሽ ችንካሩ ይላላል። ያን ጊዜ ጠዋት የቃኘሁት ፒያኖ ማታ ከቅኝቱ ይወጣል።

ይህን ከልምዴ ነው የምናገረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ድርጅት «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» ተብሎ የተሸጠለትን ግራንድ ፒያኖ እንድቃኝ ጠራኝ። ሳጥኑ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ ቁልፎቹ ነጭ፣ ፔዳሎቹ ወርቅ መሳይ። መቃኛዬን ችንካሩ ላይ ሳደርግ ቅቤ ውስጥ የገባ ያህል ያለ ምንም ተቃውሞ ዞረ። ቀለም ቀብተውት ነበር እንጂ አላደሱትም። ድርጅቱ ገንዘቡን ከፍሎ ጨርሶ ስለነበር የማደርገው ነገር አልነበረኝም፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ስለዚህ «ታድሷል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ወንድሜ ከላይፕዚግ፣ እነዚህን ጠይቅልን። ችንካሮቹ የተተከሉበት እንጨት ተቀይሯል ወይስ የመጀመሪያው ነው? ችንካሮቹ ምን ያህል ጠብቀው እንደያዙ በመለኪያ ለክተው በጽሑፍ ይስጡህ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመዶሻዎቹ አሠራር የትኛው እንደሆነ ጠይቅ። ብሉትነር በዚያ ዘመን በብዙ ፒያኖዎቹ ላይ የራሱን የፓተንት አሠራር ይገጥም ነበር። የፈረንሳዩ ፒያኖ ሠሪ ኤራር እ.ኤ.አ. በ1821 ያወጣው አሠራር፣ ዛሬ በሁሉም ግራንድ ፒያኖ ላይ የምናገኘው፣ ቁልፉ ግማሽ መንገድ ተመልሶ ሳለ ድጋሚ እንዲመታ ያስችላል። የብሉትነር የቀድሞ አሠራር ይህ የለውም። መለዋወጫውም እንደ ልብ አይገኝም፤ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ቁራጭ ቢሰበር እኔ ራሴ በእጄ ካልቀረጽኩት ቁልፉ ዝም ይላል።

ሌላም አለ። የ1911 ፒያኖ ቁልፎች የዝሆን ጥርስ ሊሆኑ ይችላሉ። የዝሆን ጥርስ ያለበት ዕቃ ድንበር ሲሻገር በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት መሠረት ፈቃድ ይጠየቅበታል። ያለ ወረቀት ከመጣ ጉምሩክ ላይ ይወረሳል።

የሁለት ተማሪዎች አባት፦

ይህን ሁሉ ሳነብ አዲሱ ይገዛ ያልኩበት ምክንያት ይበልጥ ጠነከረብኝ።

ፒያኖ ቃኚ፦

አባቴ፣ አዲሱም እንጨት ነው፤ ከአየሩ አያመልጥም። ዋስትናውን በደንብ ያንብቡት። የፋብሪካ ዋስትና የምርት ጉድለትን እንጂ በድርቀትና በእርጥበት የመጣ ጉዳትን ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም። ደግሞስ ቢሸፍን፣ ማን መጥቶ ይጠግነዋል?

የቀድሞ ተማሪ፦

አሁን ሜሪላንድ ነው የምኖረው። እዚህ ስለ ጃፓን ያማሃዎች የቆየ ክርክር አለ። የኩባንያው የአሜሪካ ቅርንጫፍ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ፒያኖዎች እንጨታቸው ለአሜሪካ ደረቅ ቤቶች ታስቦ አልተዘጋጀም ይላል፤ ብዙ ቃኚዎች ደግሞ በተግባር ያን ያህል ልዩነት አላየንም ብለው ይሞግታሉ። ሲ3 ከጃፓን ይምጣ ከተባለ የእኛን በጋ አስቡ። እኔ ራሴ እዚህ አንድ የታደሰ የጃፓን ፒያኖ አለኝ፤ በብርዱ ወራት ማሞቂያው ሲበራ ቤቱ እንደ ምድረ በዳ ይደርቃል፤ ከፒያኖው ሥር የእርጥበት መቆጣጠሪያ ካስገጠምኩ ወዲህ ግን ቅኝቱ ብዙ አይነቃነቅም።

የሁለት ተማሪዎች አባት፦

መምህርት፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጉዳዩ የክር ርዝመት ከሆነ ለምን ቋሚ ፒያኖ አንገዛም? የያማሃ ዩ3 ቁመቱ 131 ሴንቲሜትር ነው፤ ክሩ ከትንሹ ግራንድ ክር ብዙም አያንስም ሲሉ ሰምቻለሁ። ዋጋው ይቀንሳል፣ የተረፈው ለእርጥበት መቆጣጠሪያውና ለመቃኛ ይሆናል።

የፒያኖ መምህርት፦

እውነት ነው፣ ጥሩ ዩ3 ከ151 ሴንቲሜትር ግራንድ የተሻለ ወፍራም ድምጽ ሊሰጥ ይችላል። ይህን ልክድ አልችልም። ነገር ግን ቋሚ ፒያኖ ላይ መዶሻው ወደ ፊት ነው የሚመታው፤ የሚመለሰው በስፕሪንግና በጥብጣብ እርዳታ ነው። ግራንድ ላይ የስበት ኃይል ይመልሰዋል፤ ቃኚያችን የነገረን የኤራር አሠራርም ያለው እዚያ ነው። ከፍ ወዳለው ደረጃ የደረሱ አራት ተማሪዎች አሉኝ። አንድን ቁልፍ ፈጥነው ሲደጋግሙ በአሁኑ ቋሚ ፒያኖአችን ላይ ኖታው ይጠፋባቸዋል፤ ጥፋቱ የእነርሱ መስሏቸው እጃቸውን ያደነድናሉ። ወደ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመፈተን የሚሄድ ልጅ ከዚህ በፊት ነክቶት በማያውቀው መሣሪያ ላይ መፈተን የለበትም። ግራንድ የጠየቅሁት ለዚህ ነው፤ አዳራሹ እንዲያምር ብዬ አይደለም።

ከላይፕዚግ፦

ዛሬ ወደ አዳሾቹ ሄጄ ነበር። ቃኚያችን እንደጠረጠሩት አሠራሩ የቀድሞው የፓተንት አሠራር ነው። ቁልፎቹም የዝሆን ጥርስ ናቸው፤ ፈቃዱን እናወጣለን አሉኝ፤ መቼ እንደሚያልቅ ግን ሊነግሩኝ አልቻሉም። ችንካሮቹ ጠብቀው ይዘዋል። መምህርት ስለ አራቱ ተማሪዎች ያሉትን ካነበብኩ በኋላ ይህን ፒያኖ ላኩልኝ ለማለት አፌ አልታዘዝልኝ አለ። ድምጹን አሁንም እወደዋለሁ። ለእነዚህ ልጆች ግን አይሆንም። ሐሳቤን አንሥቻለሁ፤ ለማጓጓዣ ያሰብኩትን መዋጮ ግን ለሚመረጠው እሰጣለሁ።

የሁለት ተማሪዎች አባት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። እኔም ከአቋሜ በግማሽ ፈቀቅ ብያለሁ። የታደሰ ሲ3 የሚገዛ ከሆነ የማምረቻ ቁጥሩ ይታይና የተሠራበት ዓመት ይረጋገጥ፤ ከመከፈሉ በፊትም ቃኚያችን የሚያምኑት ሰው በአካል ይየው። ይህ በቃለ ጉባኤ ካልሰፈረ ድምጼ አሁንም ለአዲሱ ነው።

ፒያኖ ቃኚ፦

ይህ ተገቢ ነው፤ እኔም እፈርምበታለሁ። ከግዢው በፊት ግን ኮሚቴው አንድ የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ አዳራሹ ውስጥ ይስቀል፤ ጠዋትና ማታ ቁጥሩ ይመዝገብ። ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል ከሆነ እንጨቱ በሰላም ይኖራል። ከዚያ ከወጣ መቆጣጠሪያው የግዢው አካል ይሁን። የምዕራቡ መስኮቶች ወፍራም መጋረጃ ያስፈልጋቸዋል፤ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ፒያኖው ላይ መውደቅ የለበትም። ሴራሚኩ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍ፤ አለበለዚያ 186 ሴንቲሜትር ግራንድ በዚያ ክፍል ውስጥ ይጮሃል፣ መምህርትም ክዳኑን ከፍተው ማስተማር አይችሉም።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦

መለኪያው ነገ ይገዛል። ድምጽ የምንሰጥበት ቀን ለአንድ ወር ተራዝሟል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የአዳራሹን ቁጥሮች በየሳምንቱ እዚህ እለጥፋለሁ። ምንጣፍ ያላችሁ ቤተሰቦች አሳውቁኝ።