ወደ ክልክላችን ያለ ፈቃድ ስለሚገቡ ሰዎች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ

ይድረስ ለማኅበራችን አባላት በሙሉ። በግንቦቱ ጠቅላላ ጉባኤ በተሰጠኝ አደራ መሠረት፣ ከሐረጎ በታች ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ተዳፋት ላይ ወዳለው ክልክላችን፣ ማለትም ዛፉና ሣሩ እንዲያገግም ከልለን ቀፏችንን ወዳኖርንበት መሬት፣ ያለ ፈቃድ የሚገቡ ሰዎችን በሚመለከት ለቀበሌው አስተዳደርና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የምናቀርበውን ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ። የምትቃወሙትን ብቻ ሳይሆን በምትኩ ይግባ የምትሉትን ዐረፍተ ነገር ጭምር ብትጽፉልኝ ሥራዬን ታቀሉልኛላችሁ።

ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ የተጠቃሚነት ማረጋገጫ በያዘበት ተዳፋት ላይ ማንም ሰው ያለ ማኅበሩ ፈቃድ እንዳይገባ፤ ገብቶ የተገኘ ሰው 500 ብር እንዲቀጣ፤ ለአደን የገባ ውሻ እንዲገደል፤ ማኅበሩም አንድ የታጠቀ ዘበኛ እንዲቀጥር ይፈቀድልን።» ቃሉ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በመጋቢት ወር ከታችኛው ጅረት አጠገብ ሰባት ወጥመድ ከለቀምንና በአንደኛው ውስጥ የሞተች ሚዳቋ ካገኘን ወዲህ ከብዙ አባላት የሰማሁት ይህንኑ ነው።

የሕግ ጉዳይ ተከታታይ

እህቴ፣ ስለ ድካምሽ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሆኖም ረቂቁ በዚህ መልኩ ከሄደ ወረዳው በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንደሚመልሰው ከወዲሁ ልናገር። ቅጣት የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ ማኅበር በመተዳደሪያ ደንቡ የራሱን አባል መቀጮ ሊያስከፍል ይችላል፣ መንገደኛውን ግን አይችልም።

ከዚያ በፊት ግን መሬቱን የግላችን እንደሆነ አድርገን መናገሩን መተው አለብን። ባሕር ማዶ የመሬቱ ባለቤት የአደን ቦታውን አጥሮ፣ አዳኙን አስከፍሎ እንደሚያስገባ ሁላችንም ሰምተናል፤ እዚህ ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ በእጃችን ያለውም የመጠቀም መብት ነው። ሚዳቋዋና ድኩላውም የእኛ ንብረት አይደሉም። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት አደን ያለ ፈቃድ አይካሄድም፤ ስለዚህ ወጥመድ ያጠመደው ሰው የበደለው እኛን ሳይሆን በመጀመሪያ ሕዝቡን ነው። ይህ የሚያዳክመን ሊመስል ይችላል፣ ነገር ግን ጉዳዩን በእኛና በአዳኙ መካከል ካለ ጠብ አውጥቶ የፖሊስ ጉዳይ ስለሚያደርገው እኔ እንደ ጥቅም እቆጥረዋለሁ።

በሌላ በኩል ባለይዞታ መሆናችን ባዶ ነገር አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2053፣ ባለይዞታው በግልጽ እየተቃወመ ወደ ሌላ ሰው መሬት በኃይል የሚገባ ሰው ጥፋተኛ ነው ይላል። «በግልጽ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። በመግቢያዎቹ ላይ አንድም ምልክት ሳንተክል «ማን ግባ አለህ» ብንል ዳኛ ፊት አፍረን እንመለሳለን። ቁጥር 1148 ደግሞ ይዞታውን የሚነካበትን ሰው ባለይዞታው ወዲያውኑ እንዲከላከል ቢፈቅድም፣ ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ እጁን እንዳያነሳ ይከለክለዋል። በቁጥር 1149 መሠረት ሁከት ይወገድልኝ ብሎ ለመክሰስ ያለን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ድርጊት ቀኑን ጠቅሰን መመዝገብ ከዛሬ መጀመር አለበት።

የጥበቃ ኮሚቴ ተጠሪ

የሕጉን ነገር ላዋቂው ትቼ ያየሁትን ልናገር። ረቂቁ «ማንም ሰው» ብሎ በአንድ ከረጢት የከተታቸው ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም።

በብዛት የሚገቡት ጭራሮ ለቃሚ እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ንጋት ላይ ገብተው ረፋድ ሳይሆን ይወጣሉ፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲያጡ እርጥቡን የሚሰብሩ አሉ፣ አብዛኞቹ ግን የወደቀውን ነው የሚያነሱት። ቀጥሎ ከብት የሚያስገቡ እረኞች አሉ። እነዚህ ክረምት ላይ አይታዩም፤ የሚመጡት ከጥር ወዲህ፣ ታች ያለው ግጦሽ አመድ ሲሆን ነው። ችግኝ የሚጨርስብን የእነሱ ፍየል ነው፣ በዚህ ላይ አልደራደርም። ሦስተኛዎቹ ውሻ አስከትለው ወይም ወጥመድ ይዘው የሚመጡት ናቸው። ቁጥራቸው ከሁሉም ያንሳል፤ ከመካከላቸው የሠፈራችን ሰው ያየሁት አንድ ብቻ ሲሆን የቀሩት ቅዳሜና እሑድ በሞተር ብስክሌት ከላይኛው የጥርጊያ መንገድ የሚወርዱ ናቸው። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ቅጣት ከጻፍን በተግባር የምንይዘው ሮጣ የማታመልጠውን ጭራሮ የተሸከመች ሴት ይሆናል፣ ባለ ሞተሩ ግን ይስቅብናል።

ስለ ውሻው መገደል የተጻፈውም ይውጣ። ባለፈው ዓመት በክልክሉ ጠርዝ ያገኘሁት ውሻ የአንድ እረኛ ልጅ ውሻ ነበር። ብገድለው ኖሮ ዛሬ የልጁ አባት ቀፏችንን አይጠብቅልንም ነበር።

በዕድሜ የገፉ አባል

ልጆቼ፣ ተጠሪው በተናገረው ላይ ትንሽ ልጨምር፤ ረዘም ካለብኝ ይቅር በሉኝ። በ1970ዎቹ የወሎ ተራሮች በምግብ ለሥራ እርከን ሲሠራባቸውና ሲከለሉ እኔም ድንጋይ ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ዛፉ በቀለ፣ ምንጩም ተመለሰ። ሆኖም ደኑ የመንግሥት፣ ዘበኛውም የመንግሥት ነበር፤ ከብት የገባበት ሰው ይታሰራል፣ ሣሩን ግን አጭዶ የሚወስድ አልነበረም። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ዘበኛው ጠመንጃውን ይዞ ሄደ፣ ሕዝቡም መጥረቢያውን ይዞ ገባ። ከእኛ መንደር በላይ ያለው ጥድና ባሕር ዛፍ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲያልቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ከቆረጡት መካከል እርከኑን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ነበሩበት፤ እኔም አልነበርኩበትም ብዬ አልምልም።

ስለዚህ የታጠቀ ዘበኛ ያቆመዋል የሚለውን ሐሳብ አልቀበለውም። የምጠይቀው ጎረቤት ከክልክሉ ምን ያገኛል የሚለውን ነው። በጥቅምት መጨረሻ ሣሩ ዘሩን ሲጥል፣ ለተወሰኑ ቀናት ከዙሪያው ላሉ ቤቶች በሙሉ ተከፍቶ በማጭድ አጭደው በሸክም ይውሰዱ። ጭራሮ ለቃሚዎችም በሳምንት ሁለት ቀን፣ መጥረቢያ ሳይዙ ይግቡ። ይህ ከተደረገ በኋላ ጉዳዩን ወደ ቅሬዎቹ፣ ሌላው አገር እድር ወደሚላቸው፣ እናውርደው። ቅሬ የሚቀብረን ብቻ አይደለም፤ ቅሬ ያወገዘውን ነገር በኛ አገር ደፍሮ የሚያደርግ ጥቂት ነው። በዙሪያችን ያሉት ቅሬዎች «ፍየል ያስገባ፣ ወጥመድ ያጠመደ ከእኛ አይደለም» ብለው ከወሰኑ የአራት ዘበኛ ሥራ ይሠራል። ደም ሊያፋስስ የሚችል ነገር ከተነሣም ጠብ የሚያስታርቁት የአገር ሽማግሌዎች፣ አበጋሮቹ፣ አሉ፤ የእነሱን ደጅ ሳንረግጥ ወደ ክስ አንሩጥ።

ገንዘብ ያዥ

አባታችን የተናገሩትን በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ነጥብ ላይ መለየቴን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ቅሬ የሚሠራው የቅሬው አባል በሆነ ሰው ላይ ነው። በሞተር ብስክሌት ከከተማ የሚመጣውን ሰው የትኛው ቅሬ ያወግዘዋል? ለእነዚህ የፖሊስ መንገድ ከመጀመሪያው ክፍት መሆን አለበት፣ የሽምግልናውን ውጤት እየጠበቅን ሁለተኛ ሚዳቋ እንዳናጣ።

የታጠቀ ዘበኛውን በተመለከተ ግን ከእርሳቸው ጋር ነኝ፣ በእኔ በኩል ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ አይያዝም፤ ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ዘበኛው በጨለማ ተኩሶ ሰው ቢያቆስል ዕዳው ወደ ማኅበሩ መዞሩ አይቀርም። የማር ሽያጫችን የአንድ ዘበኛ ደመወዝ ቢችል የጠበቃ ወጪ አይችልም። በዚያ ገንዘብ ሁለት ባትሪ፣ የዝናብ ልብስና ለተረኛ አባላት የስልክ ካርድ ብንገዛ ይሻላል።

የጥበቃ ኮሚቴ ተጠሪ

ስለ ከብቱ አንድ ጥያቄ አለኝ። ፍየሎቹን አባርረን ስንመለስ በማግስቱ ይመለሳሉ። ይዘን ማሳደር እንችላለን?

የሕግ ጉዳይ ተከታታይ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ንብረት ያበላሹ እንስሳትን ለካሣው መያዣ እንዲሆኑ ይዞ ማቆየትን ይፈቅዳል፤ ሆኖም ለባለቤቱ ወዲያውኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው። በእኔ አስተያየት በቀበሌው የሚታወቅ በረት ይዘጋጅ፣ ሁለት ምስክሮች ጉዳቱን አይተው ይፈርሙ፣ ባለቤቱም በዚያው ቀን ይጠራ። በአባል ግቢ ውስጥ የታሰረ ፍየል በማግስቱ «ተሰረቀ» መባሉን አትጠራጠሩ።

ጸሐፊ

የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ፣ መቀጮውን፣ የውሻውን ጉዳይና የታጠቀ ዘበኛውን አውጥቻለሁ። አዲሱ ጽሑፍ ይህ ነው፦

«ማኅበራችን በመጠቀም መብት በያዘው ተዳፋት ላይ የጎረቤት ቤተሰቦች በሳምንት ሁለት ቀን ደረቅ ጭራሮ እንዲለቅሙ፣ ሣሩ ዘሩን ከጣለ በኋላም በሚወሰኑ ቀናት አጭደው እንዲወስዱ ተስማምተናል። ከዚህ ውጭ ለሚገባ ከብት የቀበሌው አስተዳደር በረት እንዲመድብልንና ጉዳቱን የሚገምቱ ሰዎች እንዲሰይምልን፤ ወጥመድ ወይም የአደን ውሻ ይዞ የሚገባን ሰው በሚመለከት ተረኞቻችን ሰውየውን ሳይነኩ ቦታውን፣ ሰዓቱንና የሞተሩን ሰሌዳ መዝግበው ሲያሳውቁ የሚቀበላቸው ተጠሪ በፖሊስ ጣቢያው እንዲመደብልን፤ በዙሪያው ያሉት ቅሬዎችም በውሳኔው ላይ እንዲመክሩበት ስብሰባ እንዲጠራልን በትሕትና እንጠይቃለን።»

አባታችን፣ ከቅሬ ዳኞቹ ጋር የሚነጋገረውን ቡድን እርስዎ ቢመሩልን ደስ ይለናል። ገንዘብ ያዡ ለምልክቶቹ ቆርቆሮና ቀለም ዋጋ ይጠይቅ። አሁን የቀረው ምልክቶቹ የት የት ይተከሉ የሚለው ነው፤ እኔ በጅረቱ መሻገሪያና በቀፎዎቹ በኩል ሁለት ይበቃሉ ብዬ ነበር።

የጥበቃ ኮሚቴ ተጠሪ

ሁለት አይበቃም። ሦስተኛው በላይኛው የጥርጊያ መንገድ መታጠፊያ ላይ፣ ሞተሮቹ የሚቆሙበት ዋርካ ሥር ይተከል፤ ጽሑፉም ከኮርቻ ላይ ሳይወረድ የሚነበብ ትልቅ ይሁን። ጉድጓዱን እሑድ ጠዋት እኔ እቆፍራለሁ።