ከቪክ ወደ ምሥራቅ በነፋስ ማስጠንቀቂያ ቀን፦ አይስላንድ ውስጥ መኪና የነዳችሁ ምከሩኝ

ከስዊድን ከእናቴና ከልጆቼ ጋር ለሐምሌ ዕረፍት መጥተን አሁን በደቡባዊቷ የባሕር ዳርቻ ከተማ በቪክ ነን። የተከራየሁት መኝታ ያለው ቁመተ ረጅም ቫን ነው። ነገ በቁጥር 1 አውራ ጎዳና ወደ ዮኩልሳውርሎን፣ የበረዶ ግግር ስባሪዎች ወደሚንሳፈፉበት ሐይቅ፣ ለመሄድ አስበን ነበር።

የአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም ግን ለአካባቢው ቢጫ የነፋስ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በተራሮቹ ሥር ድንገተኛው ነፋስ በሰከንድ ከ25 ሜትር ይበልጣል ይላል። ከቪክ እንደወጣን የሚጠብቀን ሚርዳልሳንዱር ነው፦ ከለላ የሌለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ አሸዋ። ነፋሱ አሸዋውን ሲያነሣ የመኪና ቀለም ይልጣል፤ የእኔ ኢንሹራንስ ደግሞ ይህን ጉዳት አይሸፍንም። በአካባቢው በበረዶ ግግር ሥር ስላለው ስለ ካትላ እሳተ ገሞራም አስባለሁ፤ በሐምሌ 2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከበረዶው ሥር የወጣ ጎርፍ በዚሁ መንገድ ላይ ያለውን የሙላክቪስል ድልድይ ጠርጎ ወስዷል። ለእሱ ግን ባለሥልጣናቱ በስልክ የሚልኩትን የማስጠንቀቂያ መልእክት እከታተላለሁ።

ያስቸገረኝ ነፋሱ ነው። የመንገዶች መሥሪያ ቤት ካርታ መንገዱ ክፍት መሆኑን ያሳያል። አከራዩን ብጠይቅ «ውሳኔው የአሽከርካሪው ነው» አለኝ። ነዳጅ ማደያው ያገኘሁት ሰው በማለዳ ውጡ ሲል፣ የካምፑ ጠባቂ ጨርሶ አትነሡ አለችኝ። እናቴና ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠው በግምት መንዳት አልፈልግም።

እንዲህ ያለ ከፍ ያለ ቫን በዚህ መንገድ የነዳችሁ፣ ነፋሱ በሰከንድ ስንት ሜትር ሲደርስ ነው ጉዞውን የምትተዉት?